ግጥም ያሠራው ቤተ ክርስቲያን
የጠጉር አስተካካዩ ባለቅኔ የዣክ ዣስማን የሕይወት ታሪክ

የአንድ ሕንፃ ታሪክ በሚወሳበት ጊዜ ንድፉን ያወጣው መሐንዲስ፣ ድንጋዩን የጠረበው ግንበኛና ሥራውን ያዘዘው ባለሥልጣን ይታወሳሉ። ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ከፔሪጎ ከተማ በስተ ደቡብ በምትገኘው ቬር በምትባል አነስተኛ ከተማ በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ገደማ የታነጸው ቤተ ክርስቲያን ግን ከዚህ ልማድ ውጭ ነው። የዚህ ሕንፃ ታሪክ ከገንዘቡ ታሪክ ተነጥሎ ሊነገር አይችልም፤ ምክንያቱም ግድግዳውን ያቆመውና ጣራውን ያለበሰው ገንዘብ የተሰበሰበው አንድ ጠጉር አስተካካይ ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወረ በሕዝብ ፊት ግጥሙን በማንበቡ ነው። ይህ ሰው ዣክ ዣስማን ይባላል። በዘመኑ በነገሥታት አደባባይና በገበሬ ጐጆ እኩል የታወቀ ነበር። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልደቱና የቤተሰቡ ኑሮ

ዣስማን በ1798 በጋሮን ወንዝ ዳር በምትገኘው በአዣን ከተማ ተወለደ። የቤተሰቡ መጠሪያ ቦዬ ሲሆን፣ ዣስማን የተባለው ስም የኋላ ኋላ የቀደመውን ስም ፈጽሞ አስረስቶታል። አባቱ ጀርባው የጐበጠ ልብስ ሰፊ፣ እናቱም እግሯ የሚያነክስ ሴት ነበረች። አባትየው ማንበብና መጻፍ ባይችልም ግጥም የመደርደር ስጦታ ነበረው። በዚያ አገር ልማድ ባል የሞተባት ሴት ወይም ሚስት የሞተችበት ሽማግሌ እንደገና ሲያገቡ የሰፈሩ ወጣቶች ድስትና መጥበሻ እየመቱ በሙሽሮቹ ደጃፍ ያላግጡ ነበር። ለዚህ ዓይነቱ ጨዋታ የሚሆነውን አሽሙር የሚገጥመው ይኸው ልብስ ሰፊ ነበር። ስለዚህ ልጁ ግጥምን መጀመሪያ ያወቀው በመጽሐፍ ላይ አይደለም፤ በመንገድ ላይ፣ በሕዝብ መካከል፣ በጩኸትና በሳቅ ታጅቦ ሲነገር ሰምቶ ነው።

ዣስማን ድህነት ምን እንደሆነ የተረዳው ገና በሕፃንነቱ ነው። አያቱ ከረጢቱን በትከሻው አንግቶ ከገበሬ ቤት ወደ ገበሬ ቤት እየዞረ የሚለምን ሽማግሌ ነበር፤ ያገኘውንም ቁራሽ ለልጅ ልጆቹ ያካፍል ነበር። ዣስማን የአሥር ዓመት ልጅ ሳለ አንድ ቀን ሽማግሌው በወንበር ላይ ተቀምጦ ሰዎች ተሸክመውት ሲሄዱ አየ። ወዴት እንደሚወስዱት ሲጠይቅ ወደ ድሆች መጠለያ ሆስፒታል እንደሆነ፣ የቤተሰባቸውም ሰዎች ሁሉ የሚሞቱት በዚያ መሆኑን አያቱ ነገረው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሽማግሌው ሞተ። ልጁም ከዚያን ቀን ጀምሮ ድሃ መሆናቸውን ዐወቀ። ያ ወንበር ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ የቤቱ ዕቃ ነበር፤ የቤተሰቡ አዛውንት ሁሉ በተራ የተጓዙት በእርሱ ላይ ነው።

ብላቴናው ብሩህ አእምሮ ስለነበረው ያለ ክፍያ ፊደል ተማረ፤ ቀጥሎም የካህናት ማሠልጠኛ በሆነው ትምህርት ቤት በነፃ ገባ። ነገር ግን በበዓል ሰሞን በፈጸመው የልጅነት ጥፋት ተባረረ። ወደ ቤቱ በተመለሰ ጊዜ የተረዳው ነገር ከቅጣቱ ይልቅ መረረው። ለካስ ትምህርት ቤቱ ለቤተሰቡ ዳቦ ይልክ ኖሯል፤ በእርሱ መባረር ምክንያት ግን ዳቦው ቀረ። ማዕዱ ባዶ በሆነበት በዚያ ቀን እናቱ ወጥታ ዳቦ ይዛ ተመለሰች። ሲቈርሱት ልጁ ጣቷን አየ፤ የጋብቻ ቀለበቷ በጣቷ ላይ አልነበረም። ዣስማን በጐለመሰ ጊዜ ይህን ሁሉ አንዳችም ሳይደብቅ በግጥም ጻፈው፤ በየአዳራሹም በሺህ በሚቈጠር ሰው ፊት አነበበው።

ጠጉር ቤቱና መጽሐፉ

በአሥራ ስድስት ዓመቱ ገደማ በአንድ ጠጉር አስተካካይ ዘንድ በሙያ ተለማማጅነት ተቀጠረ። ቀን ምላጭና መቀስ ይዞ ይውላል፤ ሌሊት በጣራ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ በመብራት ያነባል። በ1818፣ ገና የሃያ ዓመት ወጣት ሳለ፣ በከተማዋ በታወቀው ግራቪዬ በተባለው የመናፈሻ ጐዳና ዳር የራሱን ጠጉር ቤት ከፈተ፤ በዚያው ዓመትም አገባ። ሚስቱ መጀመሪያ ላይ የግጥሙን ነገር አልወደደችውም። ቤቱ ገና ሳይደራጅ ባልዋ ጊዜውን በቃላት ላይ ማጥፋቱ አሳስቧት ብዕሩንና ወረቀቱን ትሸሽግበት ነበር። ይሁን እንጂ ጠጉራቸውን ሊስተካከሉ የሚመጡ ሰዎች ግጥሙን ለመስማት ጭምር መምጣታቸውን፣ የመሳቢያውም ሳንቲም እየበረከተ መሄዱን ባየች ጊዜ አሳቧን ለውጣ አበረታችው ሆነች። ኑሮው ትንሽ ሲሻሻል ዣስማን አያት ቅድመ አያቶቹን ወደ ሆስፒታል ያጓጓዘውን ያንን ወንበር ሰባብሮ አቃጠለው። ስሙም በከተማዋ ግብር ከፋዮች መዝገብ ላይ ሠፈረ፤ ከቤተሰቡ ለዚህ የበቃ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነበር።

ከ1820ዎቹ ጀምሮ አጫጭር ሥራዎቹ እየታተሙ ሲወጡ ቆይተው በ1835 ዋና መድበሉ ታተመ። መጽሐፉን «ላስ ፓፒዮቶስ» ብሎ ሰየመው። ትርጓሜውም የሴቶች ጠጉር እንዲጠቀለል የሚታሰርበት የወረቀት ቁራጭ ማለት ነው። ርእሱ ሙያውን እንደማያፍርበት የሚያስታውቅ ነው። አንዳንድ ወዳጆቹ ግጥሞቹን የጻፈው በእርግጥም በእነዚያ ቁራጮች ጀርባ ላይ ነው እያሉ ይቀልዱ ነበር። ሻርል ኖዲየ የተባለው የፓሪስ ደራሲ በአዣን ሲያልፍ አግኝቶት ስሙን ለዋና ከተማዋ ሰዎች አሰማ። ዝነኛው ሐያሲ ሰንት-ቦቭም በ1837 ስለ እርሱ ሰፊ ጽሑፍ አወጣ።

ይሞታል የተባለው ቋንቋ

የዣስማንን ሥራ ክብደት ለመረዳት የጻፈበትን ቋንቋ ሁኔታ ማወቅ ያስፈልጋል። የጻፈው በፈረንሳይኛ ሳይሆን በደቡብ ፈረንሳይ ሕዝብ ቋንቋ በኦክሲታን፣ በተለይም በአዣን አካባቢ በሚነገረው ዘይቤ ነው። ይህ ቋንቋ በመካከለኛው ዘመን በመላው አውሮፓ የታወቀ የግጥም ቋንቋ ነበር። በኋላ ግን የአስተዳደሩ፣ የፍርድ ቤቱና የትምህርት ቤቱ ሥራ ሁሉ በፈረንሳይኛ ሆነ፤ የደቡቡም ቋንቋ የገበሬና የአሽከር አነጋገር ብቻ ተደርጎ ተቈጠረ። ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ በ1794 አቤ ግሬጓር ለአገሪቱ ጉባኤ ባቀረቡት ዘገባ ቢያንስ ስድስት ሚሊዮን ፈረንሳውያን ፈረንሳይኛን ፈጽሞ እንደማያውቁ ገልጸው፣ የየአካባቢው ቋንቋዎች መጥፋት እንደሚገባቸው አሳሰቡ። ዣስማን የተወለደው ይህ ዘገባ ከቀረበ ከአራት ዓመት በኋላ ነው።

በራሱ ከተማም ቢሆን ይኸው አስተሳሰብ ነበር። ሲልቫን ዱሞን የተባሉት የአዣን ተወላጅና የሕዝብ እንደራሴ ዣስማንን እያመሰገኑ፣ ቋንቋው ግን መሞቱ የማይቀር ነው ሲሉ ተናገሩ። ዱሞን ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመንግሥት ሥራዎች ሚኒስትር ሆነው የባቡር ሐዲድ ግንባታ በሚስፋፋበት ዘመን መሥሪያ ቤቱን የመሩ ሰው ናቸው። አገርን በመንገድና በሐዲድ አንድ ማድረግ ለሚያስቡ ሰው የቋንቋዎች ብዛት እንቅፋት መስሎ መታየቱ አያስደንቅም። ዣስማን በ1837 በግጥም መለሰላቸው። ክርክሩም በአጭሩ፣ አንድ ሕዝብ የሚያለቅስበትና ልጁን የሚያባብልበት ቋንቋ በአዋጅ የሚሞት አይደለም፣ ሠራተኛው ሰው እስካለ ድረስም ይኖራል የሚል ነበር። ነገር ግን የዣስማን ትልቁ መልስ ያ ግጥም አይደለም። ትልቁ መልስ የገዛ ቋንቋውን እንዲንቅ የተማረ ሕዝብ ያንኑ ቋንቋ በትልቅ አዳራሽ፣ በከንቲባውና በጳጳሱ ፊት፣ በክብር ሲነገር እንዲሰማ ማድረጉ ነው።

የንባቡ ሥርዓት

ዣስማን ግጥም ሲያነብ ያዩ ሰዎች የጻፉትን ማስታወሻ ስንመለከት፣ ንባብ የሚለው ቃል ለሁኔታው የሚያንስ ይመስላል። መካከለኛ ቁመት ያለው፣ ደረቱ ሰፊ፣ ዓይኑ ጥቁርና ፈጣን ሰው ነበር። ድምፁ ወፍራምና ርቆ የሚሰማ ሲሆን፣ ከሹክሹክታ እስከ ነጐድጓድ እንደፈለገው ያዝዘው ነበር። በትረካው ውስጥ ያሉትን ሰዎች ሁሉ በድምፅና በእጅ እንቅስቃሴ እየለየ ያቀርባቸዋል፤ በሚያሳዝነው ቦታ ራሱ ያለቅሳል፤ ዘፈን ባለበት ቦታ ይዘፍናል። ቋንቋውን በሚገባ የማያውቁ እንግዶች ባሉበት አስቀድሞ የታሪኩን ፍሬ ነገር በፈረንሳይኛ ያስረዳ ነበር።

በ1836 በቦርዶ ከተማ የዓይነ ስውሯን ልጅ ታሪክ አነበበ። ታሪኩ በፈንጣጣ ዓይኗ ስለጠፋና እጮኛዋ ሌላ ሊያገባ ስለተነሣባት ማርጋሬት ስለምትባል ወጣት ነው። ይህን ሥራ አሜሪካዊው ባለቅኔ ሎንግፌሎ ወደ እንግሊዝኛ ስለመለሰው የዣስማን ስም ውቅያኖስ ተሻገረ። በ1840 ደግሞ «ፍራንሱኔቶ» የተባለውን ረጅም ግጥሙን ለቱሉዝ ከተማ መታሰቢያ አድርጎ በዚያው በቱሉዝ በብዙ ሕዝብ ፊት አቀረበው፤ ከተማዋም ከወርቅ የተሠራ የሎሬል ቅርንጫፍ ሸለመችው። በ1842 ወደ ፓሪስ በተጓዘ ጊዜ በታሪክ ጸሐፊው በኦጉስተን ቲዬሪ ቤት ለደራስያን አነበበ፤ ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕም ተቀብለው አነጋገሩት። የፓሪስ ጠጉር አስተካካዮች ደግሞ ለሙያ ባልደረባቸው ግብዣ አደረጉለት። ብዙዎች በዋና ከተማዋ እንዲቀር መከሩት፤ እርሱ ግን ወደ አዣን ተመልሶ ጠጉር ቤቱን ከፈተ።

ይህ ሁሉ ሲታይ ግጥሙ እንዲሁ ከአፉ የሚፈስለት ሰው ይመስላል። እውነቱ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ለአንድ ረጅም ግጥም ሁለትና ሦስት ዓመት ይፈጅ ነበር። ቃል የሚለቅመው ከገበያና ከእርሻ ነው፤ ገበሬው የማይለውን ቃል አይቀበልም፤ የጻፈውንም ደጋግሞ ይሰርዛል። በአንድ ወቅት ፔሮት የተባለ ሸክላ ሠሪ ገጣሚ በሞንፔልዬ ከተማ በተሰጠ ርእስ በአንድ ቀን ውስጥ ግጥም እንዲወዳደሩ ጠየቀው። ዣስማን ግን በሰዓት ተለክቶ የሚሠራ ግጥም እንደሌለው አስታውቆ ግብዣውን አልተቀበለም። በአዳራሹ እንደ ድንገተኛ ስሜት ይታይ የነበረው ነገር ሁሉ በጠጉር ቤቱ ጓዳ ለዓመታት የተሞረደ ሥራ ነበር።

የቬር ቤተ ክርስቲያን

በ1840ዎቹ መጀመሪያ የቬር ቤተ ክርስቲያን ሊወድቅ ተቃርቦ ነበር። የደብሩ አስተዳዳሪ አቤ ማሶን ሕዝቡን ቢማጠኑም ምእመናኑ ድሆች ስለነበሩ የሚበቃ ገንዘብ ሊገኝ አልቻለም። በየአውራጃው እየዞሩ ቢለምኑም የተሰበሰበው ሥራውን ለመጀመር እንኳ የሚያስተማምን አልነበረም። በዚህ ጊዜ ቄሱ ስለ አዣኑ ጠጉር አስተካካይ ሰምተው እርዳታ ጠየቁት። ዣስማንም ጠጉር ቤቱን ለቤተሰቡ ትቶ በ1843 መጀመሪያ ከቄሱ ጋር ጉዞ ጀመረ።

የጉዞውን አድካሚነት መገመት አያስቸግርም። የባቡር ሐዲድ አዣን የደረሰው በ1856 ስለሆነ በዚያን ጊዜ የነበረው መጓጓዣ የፈረስ ሠረገላ ብቻ ነው፤ ወቅቱም ክረምት ነበር። አሠራራቸው ቀላል ነው። ቄሱ የቤተ ክርስቲያኑን ችግር ያስረዳሉ፤ ዣስማን ያነባል፤ ከዚያም ሳህን ይዞራል ወይም የመግቢያው ዋጋ ለሥራው ይውላል። በፔሪጎ ቲያትር ቤቱ መቀመጫ እስኪታጣ ሞላ። ዣስማን ለዚሁ ጉዳይ ቤተ ክርስቲያን ስለሌለው ካህን የሚናገር ግጥም ጽፎ ነበርና፣ በየደረሱበት ከሌሎቹ ሥራዎቹ ጋር ያነበው ነበር። ከትልልቆቹ ከተሞች ሌላ በትንንሾቹም እየቆሙ፣ የገበያ አዳራሽ ሲገኝ በገበያ አዳራሽ፣ ሲታጣም በሜዳ ላይ እያነበበ ተጓዙ።

ገንዘቡ በመገኘቱ የግንባታው ሥራ ተፋጠነ። ቤተ ክርስቲያኑ በተባረከበት ቀን ጳጳሳት፣ ብዙ ካህናትና በሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ከየአቅጣጫው ተሰበሰበ። ዣስማንም ያንኑ ግጥም በጳጳሳቱና በካህናቱ ፊት አነበበ። ያን ዕለት ሊሰብኩ የተዘጋጁት ሊቀ ጳጳስ ያዘጋጁትን ስብከት ትተው የግጥሙን አሳብ መነሻ አድርገው መስበካቸው ይነገራል። ነገሩ በዚህም አላበቃም። ሕንፃው ደወል ቤቱ ያልተሟላለት ስለነበር፣ የቬሩ ቄስና የአዣኑ ጠጉር አስተካካይ በሚቀጥሉት ዓመታት እንደገና መንገድ ወጡ፤ ቀሪው ሥራ የተፈጸመውም በዚሁ ዘዴ ነው።

በዚሁ ዘመን በአዣን ከተማ ሌላ ትልቅ ሥራ ይካሄድ እንደነበር ማስታወስ ይገባል። የጋሮንን ጐን ተከትሎ የሚሄደው የጀልባ ቦይ ወንዙን የሚሻገርበት የድንጋይ ድልድይ ነበር። መሠረቱ በ1839 ተጥሎ፣ ሥራው ሲቋረጥና ሲቀጥል ቆይቶ በ1849 ለአገልግሎት በቃ። 23 ቅስቶች ያሉት፣ ርዝመቱም ከ500 ሜትር የሚበልጥ ይህ ድልድይ የመንግሥት ግምጃ ቤትና የመንግሥት መሐንዲሶች ሥራ ነው። የቬር ቤተ ክርስቲያን ግን የዚህ ዓይነት ባለጸጋ አልነበረውም። ሁለቱ ሕንፃዎች ጐን ለጐን ሲታሰቡ የአንድ አገር ሥራ በሁለት መንገድ እንደሚሠራ ያሳያሉ። አንደኛው በበጀትና በዕቅድ ነው፤ ሁለተኛው በጀት የማይደርስበትን ጉድለት ሕዝቡ ራሱ እንዲሞላ ልቡን በማንቀሳቀስ ነው።

የሒሳቡ ነገር

ከቬር በኋላ ጥሪው በዛ። ለድሆች ማደሪያ፣ ለሆስፒታል፣ ለሕፃናት ትምህርት ቤት፣ ለሥራ ፈቶች መርጃ፣ በእሳት ለተጐዱ ሰፈሮች እንዲያነብ ከየከተማው ይለመን ነበር። በተለይ በ1846 እና በ1847 መከር ጠፍቶ የእህል ዋጋ በናረ ጊዜ፣ እንዲሁም በ1850ዎቹ መጀመሪያ ዳቦ በተወደደ ጊዜ ከዕረፍት ይልቅ ጉዞው በዛ። ስለ ምጽዋት የሚናገሩትን ግጥሞቹን በእነዚህ ወራት ያነብ ነበር። ባለጸጎቹን አይዘልፋቸውም፤ ድሃው ምን ያህል ዝም ብሎ እንደሚራብ ብቻ ይነግራቸዋል። ይህም እርሱ በልጅነቱ ከእናቱ ጣት ላይ ያየው ነገር ነበር።

የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች በዚህ ዓይነት የተሰበሰበውን ገንዘብ ከአንድ ሚሊዮን ፍራንክ እጅግ እንደሚበልጥ ይገምቱታል። ከዚህ ውስጥ ዣስማን ለራሱ አንድ ሳንቲም አልወሰደም፤ የሚቀበለው የመንገድ ወጪውን ብቻ ነበር። ይህ አቋሙ ከትምክሕት የመጣ አይደለም። ለድሆች በሚደረግ ንባብ ላይ አንባቢው ድርሻ ካለው አድማጩ ኪሱን ከመክፈቱ በፊት ሒሳብ እንደሚያስብ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። የእርሱ ድምፅ ገንዘብ ያወጣ የነበረው ድምፁ የማይሸጥ በመሆኑ ነው። ስለዚህ ኑሮውን የሚገፋው በምላጩ፣ በመጽሐፉ ሽያጭና በኋላ በተቈረጠለት መጠነኛ ጡረታ ነበር።

ዣስማን ጉድለት የሌለበት ሰው አልነበረም። ሙገሳ ይወድ ነበር፤ ስለ ዝናው ሲናገር ልኩን ያልፍ ነበር፤ የተሸለማቸውንም ጌጦች ለእንግዳ ሁሉ ያሳይ ነበር። ሊጐበኙት የመጡ የውጭ አገር ጸሐፊዎች ይህን ሳይጽፉ አላለፉም። በ1854 ሚስትራልና ጓደኞቹ በፕሮቫንስ የደቡቡን ቋንቋ ለማደስ ማኅበር ባቋቋሙ ጊዜም ከእነርሱ ጋር ሊተባበር አልፈለገም። የቋንቋው አጻጻፍ ሥርዓት እንዲበጅለት ይደክሙ ለነበሩት ሰዎች ይህ ቅሬታ ሆኖባቸዋል፤ እርሱ በፈረንሳይኛ የአጻጻፍ ልማድ መጻፉንም ነቅፈውታል። የዣስማን ትኩረት ግን በሚነገረው ቃል ላይ ነበር። ለእርሱ ቋንቋው ያለው በአድማጩ ጆሮ ውስጥ ነው።

የግንበኛው ልጅ

ከሥራዎቹ ሁሉ ለግንባታ ሙያ ሰዎች የሚቀርበው በ1849 የጻፈው የአንድ ልጅ ሳምንት የሚለው ታሪክ ነው። አንድ ግንበኛ ክንዱን ታሞ ይተኛል። በተባለው ቀን ሥራው ላይ ካልተገኘ ቦታው ለሌላ ይሰጥበታል። ቤተሰቡ ሌላ መተዳደሪያ የለውም። ትንሹ ልጁ ለማንም ሳይናገር በአባቱ ምትክ ሥራ ይገባል፤ እንደ ትልቅ ሰው እየተጣጣረም ሳምንቱን ይገፋል። ሳምንቱ ሳያልቅ ግን ከመወጣጫው ላይ ወድቆ ይሞታል። በታሪኩ ውስጥ ክፉ ሰው የለም፤ አሠሪው ጨካኝ ተደርጎ አልተሣለም። ገዳዩ አንድ ክንድ ሲታመም ሙሉ ቤተሰብ የሚራብበት የኑሮ አቋም ነው። ዣስማን ይህን ያነብ የነበረው ጥቁር ካፖርት በለበሱ ባለሀብቶችና ኖራ ካልተራገፈላቸው የቀን ሠራተኞች በአንድነት በተሞሉ አዳራሾች ነው። ሁለቱም ወገን አንድ ላይ ያለቅሱ እንደነበር የዓይን ምስክሮች ጽፈዋል። ከልቅሶው በኋላ የሚዞረው ሳህን ደግሞ ለበሽተኛ ሠራተኞች መርጃ የሚሆን ነበር።

የክብሩ ዘመንና ፍጻሜው

በ1852 የፈረንሳይ አካዳሚ 5,000 ፍራንክ ሽልማት ሰጠው። የፈረንሳይኛ ቋንቋ ጠባቂ የሆነው ተቋም በፈረንሳይኛ ያልጻፈን ሰው መሸለሙ ራሱ ትልቅ ነገር ነበር። የክብር ሌጌዎን ኒሻን ከዚያ ቀደም ብሎ ተሰጥቶታል፤ ጥንታዊው የቱሉዝ የግጥም ማኅበርም በአባልነት አክብሮታል። በ1856 የአዣን ሕዝብ ገንዘብ አዋጥቶ ያሠራውን የወርቅ አክሊል በራሱ ላይ ደፋለት። የለማኝ የልጅ ልጅ፣ አያቱ በወንበር ላይ ሆኖ ባለፈበት ከተማ፣ አክሊል ተቀበለ።

ከዚህ በኋላም ጉዞውን አላቋረጠም። ጤናው እየደከመ ሲሄድ ቤተሰቡ እንዲያርፍ ቢለምነውም፣ የድሆች ጥሪ በደረሰው ቍጥር ይነሣ ነበር። እስከ መጨረሻው ዓመት ድረስ አነበበ። በ1864 በጥቅምት ወር መጀመሪያ፣ በ66 ዓመቱ፣ በአዣን አረፈ። የተቀበረው የከተማዋ ባለሥልጣኖችና ድሆች በአንድነት ተከትለውት ነው። በ1870 ከጠጉር ቤቱ ብዙም ሳይርቅ ሐውልት ቆመለት። ቀድሞ ከእርሱ ጋር ያልተስማማው ሚስትራልም በምረቃው ላይ ተገኝቶ ግጥም በማንበብ አከበረው።

ዛሬ የዣስማንን መጻሕፍት የሚያነቡ ሰዎች ጥቂት ናቸው። ለዚህም አንዱ ምክንያት ቋንቋው በኋለኞቹ ትውልዶች በትምህርት ቤት ግፊት እየተዳከመ መሄዱ ነው፤ የሚኒስትር ዱሞን ግምት ሙሉ በሙሉ ባይፈጸምም ከፊሉ ደርሷል። ሌላው ምክንያት ሥራው ከድምፁ ጋር እጅግ የተጣበቀ መሆኑ ነው። ግጥሞቹ የተጻፉት በብዙ ሕዝብ ፊት እንዲነገሩ ነው፤ ተናጋሪው ሲሞት የሥራው ግማሽ አብሮት ሞተ። ይህ ጉድለት ሊባል ይችላል። ነገር ግን አንድ ሥራ የሚመዘነው በተሠራለት ዓላማም ጭምር ነው። የዣስማን ቃላት የተነገሩት የዚያን ዕለት ሕዝብ የዚያን ዕለት ጉዳይ እንዲፈጽም ነበር፤ እነርሱም ፈጽመውታል። ድምፁ አልፎ የተረፈው ነገር የዳቦው፣ የአልጋው፣ የጣራውና የደወል ቤቱ ሥራ ነው። የእነዚህ ተጠቃሚዎች አብዛኞቹ ስሙን ሳያውቁ ተጠቅመዋል። ደህና የተሠራ ሕንፃ ዕድልም ይኸው ነው፤ ሰው በጥላው ሥር ሲያርፍ ማን እንዳቆመው አይጠይቅም።